ደጃፍ ላይ የተጻፈው ቁጥር

ስልክ የጠፋበት ሰው አዛኝ አያጣም። «አይዞህ፣ ከዚህ የተሻለ ትገዛለህ» ይሉታል። እኔን ግን ሸዋ ሮቢት ሙሉ የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ «ለመሆኑ እርስዎ ስልክ ምን ያደርግልዎታል?» የቤት አከራዬ ዘነበች ሳትቀር ምሳዋን እየጎረሰች ይህንኑ ጠየቀችኝ። ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ፣ በወር አራት አምስት ጊዜ ቢጠራ ነው፤ እና ምን ያደርግልኛል? ደሜ ፈላ። እሷ በቀን አርባ ጊዜ ስለ ሽንኩርት የምታወራበት ስልክ ያስፈልጋታል፤ ለእኔ ሲሆን ቅንጦት ነው!

ነገሩ የደረሰው በ2008 ጥቅምት፣ አንድ ሐሙስ ቀን ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የሽንኩርት ማሳ ዳር ስሄድ ሙቀቱ አናቴን ቢለኝ ፊቴን ልታጠብ የመስኖው ቦይ ላይ ጎንበስ አልኩ። ስልኬ ከደረት ኪሴ ሾልኮ ውሃው ውስጥ ገባ። እስከ ጉልበቴ ገብቼ፣ ጭቃውን በእጄ እየዳበስኩ፣ ሽንኩርት የሚኮተኩቱት ሰዎች እየሳቁብኝ ብዙ ርቀት ወረድኩ። አላገኘሁትም። ከነሲም ካርዱ ሄደ።

ቀፎው አላናደደኝም። ስምንት ዓመት ያገለገለ፣ ቁልፎቹ ላይ ያለው ቁጥር የተፋቀ፣ ጀርባው በላስቲክ የታሰረ ቀፎ ነበር። እኔን ያሳበደኝ ቁጥሩ ነው።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ የወባ ሠራተኛ ነበርኩ። በ1973 ከጎጃም፣ ከቢቸና ተመድቤ መጥቼ ሠላሳ ሁለት ዓመት በዚህ ቆላ ቤት ለቤት ኬሚካል ሳስረጭ ኖርኩ። ርጭቱ ያለቀበት ቤት ደጃፉ ላይ ቀኑ በቀይ ቀለም ይጻፋል፤ ደንቡ ነው። ሞባይል ወደ ወረዳችን ቀወት ገጠር መግባት ሲጀምር እኔ ከቀኑ በታች ስልክ ቁጥሬን መጻፍ ጀመርኩ። ማንም አላዘዘኝም። «ሰው ሲያተኩሰው መጀመሪያ ለእኔ ደውሉ» እያልኩ በየቤቱ ተናገርኩ።

ምክንያት ነበረኝ። የወባው ኪኒን የሦስት ቀን ነው፤ ጠዋትና ማታ። በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቅ ሲያደርግ እናትየው «ዳነልኝ» ትልና የቀረውን ኪኒን በጨርቅ ቋጥራ ለሚቀጥለው በሽተኛ ታስቀምጣለች። የሚቀጥለው በሽተኛ ሲመጣ ደግሞ ያንን ግማሽ ሳታስመረምር ትሰጠዋለች። እንዲህ ሆኖ ሁለቱም ልጆች በግማሽ መድኃኒት ይቀራሉ። ስንት ልጅ እንደቀበርን እኔ ነኝ የማውቀው።

ከሮቢ ወንዝ ማዶ ያለችውን ሐምዲያን ውሰዱ። ሦስት ልጆች አሏት። ሚስኮል ታደርግልኛለች፣ መልሼ እደውላለሁ። «ጋሼ፣ ትኩሳቱ ለቀቀው፤ የቀረውን ለታላቅየው ላስቀምጥ?» ትለኛለች። «ሐምዲያ! አሁኑኑ ወተት አጠጪውና ስጪው! ማታም ስጪው! ነገም ስጪው!» ብዬ እጮሃለሁ። «አብሽሩ ጋሼ፣ እሰጠዋለሁ» ትላለች፤ ደግሞም ትሰጠዋለች። የእኔ ስልክ ሥራው ይኸው ነው፤ በወር አምስት ጊዜ መጮህ። እና ይህን ነው «ምን ያደርግልዎታል» የሚሉኝ።

ዘንድሮ ክረምቱ ከድቶናል፤ ዝናቡ ቀርቷል። ለትንኟ ግን የመስኖው ቦይ ይበቃታል። ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ደግሞ ዋናው ወቅቷ ነው። የእኔ ቁጥር የተጻፈባቸው ከአራት መቶ የማያንሱ ደጃፎች አሉ፤ ቁጥሩ ደግሞ ቦይ ውስጥ ነው።

በማግስቱ ዓርብ ጠዋት መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው የያብስራ ሱቅ ሄድኩ። ያብስራ ዕድሜው ወደ ሠላሳ የሚጠጋ፣ ፀጉሩን በቅባት ያሳመረ ነጋዴ ነው፤ ቀፎ ይሸጣል፣ ይጠግናል፣ ዘፈን ይጭናል።

«ያብስራ፣ ቁልፍ ያለው ቀፎ ስጠኝ» አልኩት። «ድምፁ የሚጮህ፣ ቻርጁ አራት ቀን የሚቆይ፣ ጫፉ ላይ መብራት ያለው። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«አለኝ ጋሼ» አለና የሚያብረቀርቅ መስታወት የመሰለ ነገር ዘረጋልኝ። አንድም ቁልፍ የለውም።

«ምንድነው ይሄ?»

«ተች ነው። ይንኩት እስቲ። ፌስቡክ አለው፣ ፎቶ ያነሳል፣ ቪዲዮ...»

«ማንን ነው የማነሳው?»

«ራስዎን» አለኝ።

ራሴን! ስድሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ያየሁትን ፊት። ደግሞ ብነካውም አልሰማኝም። ሠላሳ ዓመት የርጭት ፓምፕ ያደረቀውን ጣት መስታወቱ ከቁም ነገር አልቆጠረውም፤ አራትን ስነካ ሰባት ይጽፋል፣ ሰባትን ስነካ ዝም ይላል። ያብስራ እጄን ይዞ «ቀስ ብለው፣ ዳሰስ ነው የሚያደርጉት» እያለ እንደ ሕፃን ያስተምረኝ ጀመር።

«ቻርጁ ስንት ቀን ይቆያል?»

«ማታ ማታ ይሰኩታል።»

«መብራት ሲጠፋስ?»

«ለሱ ፓወር ባንክ አለኝ፤ እሸጥልዎታለሁ።»

እዩልኝ! ስልክ ሊገዛ የመጣን ሰው ስልኩን የሚቀልብለት ሌላ ዕቃ ይሸጥለታል። መስታወቱን መለስኩለት።

ቀጥሎ ያመጣው ባለ ሁለት ሲም የቻይና ስልክ ነበር። ቁልፍ አለው፤ ግን ቁልፉን በነካሁ ቁጥር ውስጡ ያለች ሴት በማላውቀው ቋንቋ ትጮህብኛለች። ሲጠራ ደግሞ ለሠርግ ቤት የሚበቃ ዘፈን ለቀቀ፤ ቀፎው ራሱ ባንኮኒው ላይ እየተንቀጠቀጠ ዞረ። መናኸሪያው ውስጥ ያሉ ረዳቶች ሳይቀሩ ዘወር ብለው አዩን።

«ድምፁ የሚጮህ ብለዋል ጋሼ» አለ ያብስራ።

«የሚጮህ አልኩ እንጂ የሚጨፍር አልኩ?»

በመጨረሻ ከባንኮኒው ሥር፣ ከካርቶን ውስጥ፣ አቧራ የለበሰ አንድ ግራጫ ቀፎ አወጣ። ትንሽ ነው። ቁልፎቹ ጎላ ጎላ ብለዋል። ዐይኔን ጨፍኜ በጣቴ ብቻ ቁጥሬን ጻፍኩበት፤ ስገልጥ ልክ ሆኖ አገኘሁት። መብራቱን አበራሁ። ከዚያ ቀፎውን ከደረቴ ከፍታ ለቀቅኩት። ያብስራ «እንዴ!» ብሎ ዘሎ ሊቀልበው ሲል መሬት ደረሰ። አነሳሁት፤ ይሠራል። ስልክ ማለት ይህ ነው፤ ከግመል ላይ ቢወድቅ ተነስቶ የሚጠራ።

«ለምን መጀመሪያ ይህንን አላሳየኸኝም?»

«ትርፍ የለውማ ጋሼ» አለ፣ ትንሽ እንኳ ሳያፍር። ቢያንስ እውነቱን ተናገረ።

ጣጣው ግን አላለቀም። «በሉ አሁን ጥቅል እንምረጥልዎ» አለኝ። የሳምንት ጥቅል አለ፣ የወር ጥቅል አለ፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት እስከ ንጋት የሚያወሩበት በጣም ርካሽ ጥቅልም አለ።

«በሌሊት ከማን ጋር ነው የማወራው?»

«እንግዲያው የሳምንቱን ይውሰዱ። ካልተጠቀሙበት ግን በሳምንቱ ይጠፋል።»

«ስማኝ» አልኩት፣ ባንኮኒውን እየደበደብኩ። «እኔ ሁለት ሳምንት አንድም ቃል አልናገር ይሆናል። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቤት ውስጥ ሦስት ልጆች ይወድቃሉ፤ ያኔ ጤና ኬላ እደውላለሁ፣ ባጃጅ እጠራለሁ፣ እናታቸውን ግማሽ ሰዓት እቆጣለሁ። ጥቅልህ በሽተኛ እስኪመጣ ይጠብቃል?»

ያብስራ ጭንቅላቱን አከከ። «አይጠብቅም። እንግዲያው ተራ ካርድ ይሙሉ፤ ጥቅል ይቅርብዎ። እንደ እርስዎ ላለ ሰው እሱ ይሻላል።» ታዲያ ይህን ለማለት ያን ሁሉ ማስለፍለፍ ምን አስፈለገው? አንድ ካርድ ለመሙያ፣ አንድ ደግሞ ለመጠባበቂያ ገዛሁ።

«ሲሙን እዚሁ አዲስ ላውጣልዎ፤ አሥር ደቂቃ ነው» አለ።

«አዲስ አልፈልግም። የራሴን ቁጥር ነው የምፈልገው።»

«ምን ያደርግልዎታል? አምስት ሰው ነው የሚደውልልዎ ብለውኛል። ለአምስት ሰው አዲሱን መንገር ምን ችግር አለው?»

«ለደጃፍ እንዴት ነው የሚነገረው?» ብዬ ጮህኩ። «አራት መቶ ደጃፍ! የትኛው ቤት የትኛው ቀን እንደሚደውል ማን ያውቃል? አምስቱ እነማን እንደሆኑ እኔ አውቄ ነው የምነግራቸው?» ያብስራ ያበድኩ መሰለው መሰለኝ፣ ቀፎውን በላስቲክ ጠቅልሎ ሰጠኝና ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ።

ከዚያው ወደ ስልክ ቢሮው ሄድኩ። ተራዬ ሲደርስ መሲ የምትባል ትሕትና ያላት ሠራተኛ ቁጥሬን ኮምፒውተሯ ላይ ጻፈች።

«ስምዎን ይንገሩኝ።»

«አለባቸው ደርሰህ።»

ስክሪኑን አየች፣ እኔን አየች። «በዚህ ስም አይደለም ጋሼ። ሙጂብ ሰይድ ነው የሚለው። ያውቋቸዋል?»

እዚህ ላይ መናገር የማልወደውን ነገር መናገር ሊኖርብኝ ነው። ሲም ካርድ እዚህ ከተማ መሸጥ በጀመረ ሰሞን ለማውጣት የቀበሌ መታወቂያ ይጠየቅ ነበር። እኔ የሸዋ ሮቢት ቀበሌ መታወቂያ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም። ደመወዝ በመሥሪያ ቤት መታወቂያ፣ ጡረታ በጡረታ ደብተር ይወጣል፤ ሌላው ምን ይሠራልኛል? «አስመዝግቡና መታወቂያ ውሰዱ» ላለኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው፤ «እኔ እዚህ ለጊዜው ነው ያለሁት።» ሠላሳ አምስት ዓመት ለጊዜው። ስለዚህ ሲሙን የመኪናችን ሾፌር ሙጂብ በራሱ መታወቂያ አወጣልኝ፤ ያኔ ብዙ ሰው እንዲህ ነው ያደረገው። እኔም ረሳሁት።

«ባለቤቱ እኔ ነኝ!» አልኳት። «ስምንት ዓመት የተናገርኩበት እኔ ነኝ! ካርድ የሞላሁበት እኔ ነኝ!»

«አምንዎታለሁ ጋሼ» አለች መሲ፣ ድምጿን ሳታነሳ። «ግን ነገ ሌላ ሰው መጥቶ ቁጥሩ የእኔ ነው ቢለኝ ልስጠው? ባለ ስሙ መታወቂያቸውን ይዘው በአካል ይምጡ፤ እኔ ወዲያው እሠራልዎታለሁ።»

እውነቷን ነበር። እውነቷን መሆኑ ደግሞ ይበልጥ አንጀቴን አሳረረው። ደንብ ደንብ እያሉ ሰው እንደሚገድሉ ተናግሬ፣ ሰልፈኛው ሁሉ እያየኝ ወጣሁ።

ሙጂብ ጋ ሄዶ «ና» ማለት የአንድ ሰዓት ጉዳይ ነው ትሉ ይሆናል። አይደለም። ሙጂብ ሰላም አይለኝም። በ2005 ሰኔ ጡረታ ስወጣ «በቃ አገሬ እገባለሁ» አልኩ። መሥሪያ ቤቱ በግ አረደ፣ ጋቢ አለበሰኝ፣ ንግግር ተደረገ። ሙጂብ በማለዳ መናኸሪያ አደረሰኝ፤ ሻንጣዬን በትከሻው አውቶቡስ ላይ ጫነና በአደባባይ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ቢቸና ገባሁ። የአባቴ ቤት ውስጥ የወንድሜ ልጆች ተጋብተው ወልደው ይኖራሉ። እግሬን አጠቡኝ፣ አክብረው አስቀመጡኝ፤ በአራተኛው ቀን ግን «አጎቴ፣ መቼ ነው የሚመለሱት?» አሉኝ። ሰፈሩ ውስጥ ስሜን የሚያውቅ ሁለት ሽማግሌ ብቻ ቀርቷል። በአሥራ ሁለተኛው ቀን አመሻሽ ላይ ሸዋ ሮቢት ተመለስኩና ዘነበች ግቢ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ለማን ምን ብዬ ልንገር? አገሩ ገባ ተብሎ በግ የታረደለት ሰው በሁለት ሳምንቱ ተመልሶ «ደህና ናችሁ?» ይላል? ከመሥሪያ ቤት ሰዎች መሸሽ ጀመርኩ፤ በጓሮ በጓሮ መሄድ ለመድኩ። ለገጠሩ ሰው ለውጥ የለውም፤ ይደውላል፣ አነሳለሁ። በሦስተኛው ወር ግን ሙጂብ ገበያ ላይ ፓፓያ ስመርጥ አየኝ። ቆመ፣ ከላይ እስከ ታች አየኝ፣ ዞሮ ሄደ። እኔም ተናደድኩ። ሰው ፓፓያ መግዛት አይችልም?

እና ስድስት ቀን እየተናደድኩ ተቀመጥኩ። ሰኞ የጡረታ ደብተሬን ይዤ ስልክ ቢሮ ሄጄ ኃላፊውን ተቆጣሁ። ረቡዕ ሄጄ ደግሜ ተቆጣሁ። አዲሱ ቀፎ ኪሴ ውስጥ ቻርጁ ሞልቶ፣ ሲም አልባ ሆኖ ከእኔ ጋር ይዞራል። ሐሙስ ማታ ዘነበች «ኧረ አዲስ ቁጥር ያውጡና ይገላገሉ» ስትለኝ እሷንም ተቆጣኋት። ሌሊቱን ግን አልተኛሁም። ዓርብ ጠዋት፣ ስልኩ በጠፋ በዘጠነኛው ቀን፣ ባጃጅ ይዤ በካራቆሬ መንገድ ወዳለው የሙጂብ ማንጎ እርሻ ሄድኩ።

ሙጂብ ከማንጎው ሥር ተቀምጦ የውሃ ሞተር ይፈታ ነበር። ሚስቱ ሩቂያ ከቤቱ ደጃፍ ላይ ሆና አየችኝ።

«አሰላሙ አለይኩም» አልኩ።

«ወአለይኩሙ ሰላም» አለ፣ ቀና ሳይል። «እንግዳ መጣ፣ ከጎጃም?»

ዋጥ አደረግኩት። «ሙጂብ፣ ስልኬ ቦይ ገብቶ ጠፋ። ሲሙ በስምህ ነው ያለው። ካንተ በቀር አልሰጥም አሉኝ።»

«እኔ የማውቀው አለባቸው ቢቸና ነው ያለው። ሻንጣውን የጫንኩት እኔ ነኝ። ሂድና ቢቸና አውጣ!»

«ሂድ» አለኝ! ሠላሳ ዓመት «ጋሼ» እና «እርስዎ» ሲለኝ የኖረ ሰው። ዐይኔ ደም ለበሰ። «በግ ያረድከው ብቻህን ነህ?» አልኩት። «ጋቢውን ነው የምትፈልገው? አልለበስኩትም፣ እንደታጠፈ አለ፣ አመጣልሃለሁ!»

ሙጂብ የያዘውን ብሎን ወርውሮ ተነሳ። «ጋቢ! ወላሂ፣ ስለ ጋቢ ነው እንዴ የማወራህ? ያለቀስኩትን መልስልኝ! ሰው እንደሞተበት አድርገህ አስለቅሰኸኝ፣ ለካ ጤና ጣቢያ ጓሮ ተደብቀህ ፓፓያ ትበላለህ! ምን አደረግንህ? ቤቴ ክፍል አልነበረኝም? ‹መኖር እዚህ ነው የምፈልገው› ብትል ማን ያባርርህ ነበር?»

መልስ ሳጣ የማደርገውን አደረግኩ፤ ጮህኩ። ምን እንዳልኩ አሁን አላስታውስም። ሁለታችንም አንድ ላይ ስንጮህ ሩቂያ መጥታ መሃላችን ቆመች።

«ሙጂብ» አለች፣ «ያ ቁጥር እኛም ደጃፍ ላይ አለ። ጋሼ የመጡት ስለ ራሳቸው አይደለም። ሰው እየደወለ ቢሆንስ?»

ሙጂብ እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ቤት ገብቶ መታወቂያውን ይዞ ወጣ። «ስለ ደጃፉ ነው የምመጣው፤ ስላንተ አይደለም» አለኝ። ባጃጁ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ከተማ ገባን።

መሲ ቃሏን ጠበቀች። ሙጂብ ፈረመ፤ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። አዲሱን ሲም ስትሰጠኝ «ጋሼ፣ ባለ ስሙም እዚሁ ስላሉ ወደ ስምዎ ላዛውረው? የቀበሌ መታወቂያ አለዎት?» አለች። ሙጂብ በአፍንጫው ሳቀ። እኔ ሲሙን ተቀብዬ ወጣሁ።

ደረጃው ላይ ቆሜ ሲሙን አስገባሁ፣ ካርዱን ሞላሁ፣ ቀፎውን ከፈትኩ። ገና ወደ ኪሴ ሳልከተው ጠራ። ሚስኮል መስሎኝ ጠበቅኩ፤ አልተቋረጠም፣ ጠራ፣ ጠራ። ሙጂብን በኩራት አየሁት። አያችሁ? ምን ያደርግልዎታል ስትሉኝ የነበራችሁ ሁሉ!

«ሃሎ! አለባቸው ነኝ!»

የሐምዲያ ድምፅ ነው፤ «ጋሼ? ያ አላህ! አሉ እንዴ?»

«አለሁ እንጂ! ምን ሆንሽ?»

«እዚሁ ሮቢት ነን። ጤና ጣቢያው። ሷሊሕን ይዤ አራተኛ ቀኔ ነው።»

ሷሊሕ የመጨረሻ ልጇ ነው፤ አምስት ዓመቱ። ሙጂብ ከፊቴ የሰማሁትን ሳያነብ አልቀረም፤ ምንም ሳይጠይቅ ባጃጅ አስቆመ።

ልጁ በመስኮቱ በኩል ያለው አልጋ ላይ ተኝቷል፤ ግሉኮስ ተሰክቶለታል። ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ዐይኑ ተገልጧል፤ ግን ማንን እንደሚያይ አይታወቅም። ሐምዲያ ወለሉ ላይ ተቀምጣ እግሩን ይዛለች። የእነዚያ ቀናት ድካም ሁሉ ፊቷ ላይ ነበር። እኔም ይህን አይቼ፣ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝና፣ ጮህኩባት።

«ለምን ቀጥታ እዚህ አላመጣሽውም? ለምን ጠበቅሽ? ትኩሳት የያዘውን ልጅ ስንት ቀን ታቆዪዋለሽ?»

ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ዞሩ። ሐምዲያ ቀና ብላ አየችኝ። በሕይወቷ ተቆጥታኝ አታውቅም።

«መጀመሪያ ለእኔ ደውሉ አላሉም?» አለች። «ደጃፌ ላይ ጽፈው? ደወልኩ! ቅዳሜ ደወልኩ፣ እሁድ ደወልኩ፣ ሰኞ ኮረብታ ላይ ወጥቼ ደወልኩ። ያቺ ሴትዮ ማግኘት አይችሉም ትለኛለች። ካለፈው የቀረ ኪኒን ከእርስዎ ደብቄ ቋጥሬ ነበር፤ ሳትጠይቂኝ እንዳትሰጪ ስላሉኝ እሱንም አልሰጠሁት። ማክሰኞ አዝዬው በእግሬ መጣሁ። ስልኩ እንቢ ቢል ሰውየውን አገኛለሁ ብዬ ወባ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። ዘበኛው ምን አለኝ መሰልዎ? ‹ጡረታ ወጥተው አገራቸው ጎጃም ገብተዋል፣ እኛው ነን የሸኘናቸው› አለኝ። እኔ አላመንኩም። እስከ ቀትር በሩ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ። እዚያው ላይ ነው ልጄ ዐይኑ ተገልብጦ የተንቀጠቀጠው። ባጃጅ ያለው ሰው አንስቶ እዚህ አመጣን። ሐኪሙ ትንሽ ብትቆዪ አታገኚውም ነበር አለኝ። ትናንት ውሃ አለኝ፣ አልሐምዱሊላህ። እስካሁን ግን ስሜን አልጠራኝም።»

እንደ ልማዴ የምቆጣበት ሰው ፈለግኩ። ያብስራን አሰብኩ፤ እሱ ቀፎውን በመጀመሪያው ቀን ሰጥቶኛል። መሲ ባለ ስሙን አምጣ ከማለት በቀር ምን አለች? ዘበኛውም የተናገረው እኔው ራሴ የነገርኩትን ነው። ሙጂብ በሩ ላይ ቆሟል፤ «ቢቸና» ሊለኝ ይችል ነበር። አላለም፤ መሬት መሬቱን ያያል። ከዘነበች ግቢ ወጥቶ ሙጂብ ጋ ለመድረስ ስድስት ቀን የፈጀበትን ሰው ብቻ ነው ያገኘሁት፤ እሱን ደግሞ እንዴት እንደምቆጣው አላውቅም።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። የልጁን እጅ ያዝኩ፤ ይሞቃል፣ ግን የሚያቃጥል አይደለም። ሐምዲያ ቁጣዋ በርዶ፣ «ቤትዎ የት ነው ጋሼ?» አለችኝ። «ሌላ ጊዜ ስልኩ እንቢ ቢል የምንመጣበት።»

ስምንት ዓመት ሲደውሉልኝ ማንም ቤቴን ጠይቆኝ አያውቅም ልል ነበር። ውሸት ነው። ጠይቀውኛል። ቅቤ ሊያመጡልኝ፣ ማሽላ እሸት ሊያመጡልኝ ጠይቀውኛል። «ተዉት፣ እኔ እዚህ ለጊዜው ነው ያለሁት» እያልኩ የመለስኳቸው እኔ ነኝ።

በመስኮቱ አሳየኋት። ከጤና ጣቢያው አጥር ወዲያ የዘነበች ግቢ ይታያል፤ ሰማያዊ በር፣ የተሰጣ ልብስ፣ ከጥግ የእኔ ክፍል።

«የቱ? ሰማያዊ በር ያለው?»

«አዎ።»

«ይሄ? ይሄ እዚህ ያለው?»

«አዎ ሐምዲያ። እሱ ነው።»

አተኩራ አየችው። ከዚያ ወደ ልጇ ዞረችና የግንባሩን ላብ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት። «አራት ቀን ሙሉ ሳየው የዋልኩት ቤት ነው» አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለልጇ።